ሥራው መቀመጥ ነው

«ሥራው መቀመጥ ነው» አለች ዳቦ ቤቱ ተራ ላይ የቆመችው ሴትዮ፣ የምታማው ሰው ከጀርባዋ መቆሙን ሳታውቅ።

«መቀመጥ ብቻ?» አለቻት ጓደኛዋ።

«መቀመጥ ብቻ። ሚስቱ ትስላለች፣ እሱ ይቀመጣል። ባንኩ ግድግዳ ላይ አላየሽውም? ያ ትልቅ ሣጥን ያቀፈው ሰውዬ፤ እሱ ነው።»

ጓደኛዋ ነገሩን በጥሞና አሰበችበት። «የእኔውም ይቀመጣል» አለች በመጨረሻ፤ «የሚስለው አጥቶ ነው እንጂ።»

ከጀርባቸው የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረግ ማድረግ አማረው፤ ተወው። ሣጥን አይደለም፣ ቼሎ ነው የሚባለው፤ በጉልበት መሀል ተይዞ በደጋን የሚመታ፣ አራት ክር ያለው፣ ሲከፋው እንደ ጎልማሳ ሰው በወፍራሙ የሚያለቅስ መሣሪያ ነው ሊላት ይችል ነበር። ግን ዳቦ ተራ ላይ ቆሞ ሰው ማረም ትርፍ የለውም፤ ተራህን ትነጠቃለህ፣ የታረመውም ሰው አይወድህም። ደግሞስ ሴትዮዋ ምን ዋሸች? ባገባት በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሚስቱ ከነቼሎው ስንቴ እንደሳለችው ራሷም አታውቀውም። አንዱ ሥዕል ባንክ ቤት፣ አንዱ አውሮፕላን ማረፊያው፣ አንዱ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ቤት ተሰቅሏል፤ የጥርስ ሐኪሙ ቤት ያለው ፊቱ ያዘነ ስለሆነ ለቦታው ይስማማል ይባላል። ጣቶቹ ከቼሎው ምን እንደሚያወጡ የሚያውቁት ግን ማታ ማታ በሚጫወትበት ሆቴል ሻይ የሚጠጡት እንግዶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ወሬ ስለሚይዙ አያውቁም። ተራው ሲደርስ ዳቦ ሻጯ እንደ ወትሮው «አቤት፣ የሰዓሊዋ! ስንት ይሁንልህ?» አለችው። ሁለቱ ሴቶች ዘወር ብለው አዩትና አንዷ ነጠላ ዳቦዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረች። እሱ አራት ዳቦ ገዛ። የዳቦ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ዳቦው ያፈረ ይመስል ያንሳል፤ ዛሬም አፍሮ ነበር። «የሰዓሊዋ» መባሉ እንደሆነ አያስከፋውም። ከዚህ የባሰ ስም ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ታች ሱቁ ያለው ጫማ ሰፊ «ጭልፋ» ነው የሚባለው፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ ማንም አያስታውስም።

ቤታቸው አምስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ያርፋል፤ ዛሬ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ከክፍሎቹ ሁሉ ሰፊውና ብርሃን የሚገባው የሚስቱ መሳያ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚሰፋው የአማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ክፍል፣ ከዚያ መኝታ ቤቱ፣ ከዚያ ኩሽናው፣ በመጨረሻም እሱ የሚለማመድበት መታጠቢያ ቤት። መታጠቢያ ቤት መለማመድ ነውር የለውም፤ ግድግዳው ድምፅ ያደምቃል። ችግሩ አማቱ ናቸው፤ ዜማው ልቡ ላይ ሲደርስ፣ ልክ ልቡ ላይ፣ በሩን ያንኳኳሉ። እንዴት እንደሚያውቁት ተአምር ነው። ከእሱ ጋር ብዙ አያወሩም፤ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተለዋወጡት ቃል ተሰብስቦ ቢመዘን አንድ ኪሎ ስኳር አያህልም። ግን ዝምታቸው የተጣላ ሰው ዝምታ አይደለም፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ዝምታ ነው። አውቶቡሷ ደግሞ ሚስቱ ናት፤ እሷ ስትመጣ ሁለቱም ይነሣሉ።

መሳያው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጉባኤው ተቀምጧል። ስሙን ያወጡለት አማቱ ናቸው። አንድ ወንበር፤ የወንበሩ መደገፊያ ላይ የእሱ ጥቁር የኮንሰርት ኮት፤ ወለሉ ላይ ጠርዙ የተሸረፈ ሰማያዊ ጆግና ሦስት ሎሚ፤ ወንበሩን ተደግፎ ደግሞ ቼሎው፣ ከነደጋኑ። «ቁጭ ብለው ይውላሉ፣ ምንም አይወስኑም። ጉባኤ ነው» ብለው ነበር አማቱ በመጀመሪያው ቀን፤ ስሙ በዚያው ጸና። ከተሰበሰበ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሆቴሉ ለእድሳት ስለተዘጋ ቼሎው ሥራ ፈቷል፣ ሥራ ከሚፈታ ደግሞ ለሥዕል ይቀመጥ ተባለ፤ እሱም ቅር አላለውም። ኮቱ ተከትሎ ሲሄድ ነው ትንሽ የደነገጠው።

ሚስቱ ከልቧ አውጥታ አትስልም፣ ፎቶም አታይም፤ ፊት ለፊቷ ያለውን፣ ባለበት ቦታ፣ ባለው ብርሃን ነው የምትስለው። አንድ ነገር ካስቀመጠች በኋላ እግሩ ዙሪያ በጠመኔ ክብ ታሰምርበታለች፤ ከዚያ ወዲያ ያ ነገር ከቤቱ ዕቃነት ይወጣል። ሸራውም እስኪያልቅ በአንሶላ ተሸፍኖ ይውላል፤ ባልም ሆነ እናት አያይም። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት እሱ አንድ ሽንኩርት አነሣ። ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት አየ፣ ወጥ ሊሠራ ነበረ፣ አነሣ፤ በቃ፣ ወንጀሉ ይኸው ነው። በቦታው ሌላ ሽንኩርት፣ እንዲያውም የተሻለ ሽንኩርት አስቀምጦ ነበር። ሥዕሉ ሳያልቅ ቀረ፣ ቤቱም ለረጅም ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ትዳር ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካለ መልስ አለው፤ ትዳር ማለት የትኛው ሽንኩርት እንደማይነካ ማወቅ ነው። ስለዚህም ጉባኤው በተሰበሰበ ዕለት ሚስቱ ራቅ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ «መቃኛዎቹ ደስ አላሉኝም» ስትል ምንም አላለም። ቼሎ አናቱ ላይ አራት የእንጨት መቃኛ አለው፤ ክሮቹ የሚወጠሩት በእነሱ ነው። «ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያያሉ፣ ሰልፍ የገቡ ይመስላሉ» አለችና ሄዳ አንዱን ወደ መስኮቱ፣ አንዱን ወደ ጣሪያው፣ ሌሎቹን እንደ መሰላት አዞረቻቸው። ክሮቹ ዝልፍልፍ አሉ። እሱ ሽንኩርቱን አስታወሰና ሻይ ሊያፈላ ሄደ።

ዛሬ ግን ዛሬ ነበር። ገና ልጅ ሳለ ደጋን አያያዝ ያስተማሩት መምህሩ ጡረታ ወጥተው፣ ዕቃቸውን ሸክፈው፣ ሩቅ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ሊኖሩ ነገ ይሄዳሉ። አንድ ጆሯቸው ከሰነበተ ዘግቷል፤ ሁለተኛውም ሊከተለው እየተሰናዳ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ከሰዓት በኋላ መሸኛ አዘጋጅቶላቸዋል፤ «ንግግር አልፈልግም» አሉ መምህሩ፤ «ያን ቀርፋፋውን ዜማ ያ ልጅ ይጫወትልኝ። ሌላ ሰው አይደለም፣ እሱ። ቀጥሎ የምሰማው ነገር መኖሩን እንጃ።» ያ ልጅ የተባለው እሱ ነው፤ ሽበቱ ከጆሮው በላይ አልፏል። ለሚስቱ በጊዜው ነግሯታል። ነጭ ቀለም እያሸች ነበር፤ «እሺ» ብላዋለች። ችግር የለም፣ ትምህርት ቤቱ የራሱ ቼሎ አለው፣ በዚያ እጫወታለሁ ብሎ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግቶ በመወልወያ እንጨት ተለማመደ። እንጨቱን በጉልበቱ መሀል ይዞ ግራ እጁን ያወጣል፣ ያወርዳል። የመወልወያ እንጨት ጥቅሙ ስሕተት አያሰማም፤ ጉዳቱም ያው እሱ ነው። አማቱ አንድ ቀን በሩን ከፍተው አይተውት ነበር። ቆመው አይተው አይተው፣ «ስትጨርስ ወለሉን» ብለው ሄዱ።

ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ስልኩ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፣ አብሮት የሚያጅበው፤ ሁሉን ነገር በጥድፊያ ስለሚጫወት «ኤክስፕረስ» ይሉታል፤ ሲናገርም እንደዚያው ነው።

«ስማ፣ አትደንግጥ፣ ደንግጠሃል?»

«ገና ነኝ።»

«ቼሎው አንገቱ ወለቀ። ማንም አልነካውም፣ ቁምሣጥን ውስጥ ቆሞ ነው ጧ ያለው። ያንተን ይዘህ ና። ይዘህ ትመጣለህ አይደል? መምህር ከአሁኑ መጥተው ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ገና ነው ብንላቸው አልሰማ አሉን። እንደ እውነቱ ከሆነ ላይሰሙንም ይችላሉ።»

«የእኔው...» አለና የመሳያውን በር አየ። «የእኔው ሥራ ላይ ነው።»

«ምን ሥራ? ያለ አንተ?»

ስልኩን ዘጋ። ሚስቱ ማለዳ ወጥታለች፤ የሕፃናት የሥዕል ውድድር ዳኛ ሆና ነው፣ ስልኳን ደግሞ ዳኝነት ላይ ስትቀመጥ ታጠፋዋለች። የምትመለሰው ለመጨረሻዋ ብርሃን ነው፤ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ያለችውን አጭር ጊዜ ለሞት እንኳ አትሰጥም። ደውሎ ሞከረ፤ የለችም። እንደገና ሞከረ። ከዚያ መሳያው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ቼሎው ወንበሩን ተደግፎ፣ ክሮቹ ተንዘላዝለው፣ እንግዳ ሆኖ የሰነበተ ዘመድ ይመስላል። ትከሻው ላይ አቧራ አለ። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና እግሩ የቆመበትን ጠመኔ አየ፤ ክቡ ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ሁለት እጁን ሰደደ፤ መለሰ። እንደገና ሰደደ።

«እኔ አላየሁም» አሉ አማቱ። በሩ ላይ ቆመዋል፣ መነጽራቸውን አድርገው። «ዓይኔ ደክሟል።»

አነሣው። ኮቱን ሲያይ ግን እጁ አልሄደለትም። ቼሎ እግሩ ጠመኔ ውስጥ ይመለሳል፤ የኮት እጥፋት ግን አንዴ ከተዘረጋ እግዜርም አይመልሰው፤ ሚስቱ ደግሞ አንዲት እጥፋት ላይ አንድ ሳምንት ስትታገል ሰምቷታል። ኮቱ ጉባኤው ላይ ይቅር፣ በሹራብ እሄዳለሁ ብሎ ቼሎውን ቦርሳው ውስጥ ሲከትት አማቱ ጠፉ። ከክፍላቸው የሣጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ሲመለሱ የባላቸውን ኮት ይዘዋል፤ የሟቹን፣ ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልለበሰውን፣ የእሳት ራት መከላከያ የሚሸት ኮት። ሟቹ አጭር ሰው ነበሩ። እጅጌው ክንዱ ላይ ቀረ።

«ያጥራል» አለ።

«እጅህን ነው ሊሰሙ የመጡት» አሉና ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ፤ አቧራ ለማራገፍ ይሁን ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አምስቱን ፎቅ ቼሎውን አዝሎ ወረደ። ታክሲው ውስጥ መስኮት ጥግ አስቀምጦት ከጎኑ ተቀመጠ። ረዳቱ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው፣ «የሁለት ሰው» አለው።

«አንድ ሰው ነኝ።»

«መስኮት በኩል ያለውስ?»

«ዕቃ ነው።»

«ዕቃ ከሆነ ከላይ እሰረው። የሚከበር ከሆነ ይክፈል።»

ይህ ለቼሎው በቅርቡ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ደግ መስሎ ታየው። ከፈለለት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወይዘሮ «እንዲያውም ጨዋ ነው፣ አይጋፋም» አለች፤ ሰው ሳቀ። ዝግ ባለ ትራፊክ ውስጥ መንገዱን ሲያይ፣ ሱቆች፣ የታጠበ መኪና፣ የትምህርት ቤት አጥር፣ ባልና ሚስት መስታወት ተሸክመው ሲሻገሩ፣ ልቡ ውስጥ የሠረቀ ሰው ፍርሃትና የሚጫወት ሰው ፍርሃት ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደነበር ተሰማው፤ የትኛው መስኮት በኩል እንደሆነ አልለየውም።

አዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቼሎውን አውጥቶ መቃኘት ጀመረ። ሦስት ሳምንት የላላ ክር እንደ ኮረፈ ሰው ነው፤ ትጎትተዋለህ፣ እሺ ያለ ይመስልና ይለቃል። መቃኛው ይንሸራተታል፣ ጣቱ ይቀላል፣ ኤክስፕረስ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። መምህሩ በከዘራቸው ሲገቡ ገና ሁለተኛው ክር ላይ ነበር። ደህናውን ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ።

«ማነው ይህን ዕቃ እንዲህ ያላላው?»

«ባለቤቴ ናት፣ መምህር።»

«ሙዚቀኛ ናት?»

«ሰዓሊ ናት።»

«አሃ» አሉ፣ የበሽታውን ስም እንዳገኘ ሐኪም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ሦስተኛውንና አራተኛውን ክር አብረው ቃኙ፤ እሱ መቃኛውን ያዞራል፣ እሳቸው በአንድ ጆሮ ሰምተው በቅንድባቸው «ጨምር፣ ጨምር፣ ተው» ይላሉ። ልጅ ሳለ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ያኔ ጆሯቸው ሁለት ነበር፣ ቅንድባቸው ግን ያው ነው።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ግማሽ ያህል ሞልተዋል። ዳይሬክተሩ ወረቀት ይዞ ቆመና፣ «አሁን ደግሞ የዝነኛዋ ሰዓሊ ባለቤት...» ብሎ ሲጀምር አንዳንዱ ሰው አንገቱን አሰገገ፤ «ባንክ ቤት ያለው፣ ባንክ ቤት ያለው» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። መምህሩ የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ ማለትም በጩኸት፣ «ተማሪዬ ነው!» አሉ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አየ፤ ወረቀቱ ላይ እንዲያ አይልም። «የመምህር ተማሪ» አለና ተቀመጠ።

የመጀመሪያዎቹ ሐረጎች የመወልወያ እንጨት ነበሩ። ግራ እጁ ሁሉንም ያውቃል፤ ቀኝ እጁ ግን ሦስት ሳምንት ደጋን ስላልያዘ እንደ አዲስ ሙሽራ ያፍራል። ኤክስፕረስ ሁለት ጊዜ ቀድሞት ሄዶ ሁለት ጊዜ ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ ዓይኑ የቼሎው ትከሻ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር አየች። የሚስቱ አውራ ጣት አሻራ ነበር፣ በሎሚው ቀለም፣ ጥርት ብሎ፤ ጉባኤውን ስታስተካክል ይዛው ነው። ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ያችን ቢጫ እያየ ትከሻው ወረደ፣ ደጋኑ ከበደ፣ ድምፁም ሰፋ። የሚስቱ ሟች አባት አጭር ስለነበሩ አመሰገናቸው፤ ለክንዱ እንዲህ የተመቸ ኮት ለብሶ አያውቅም። ዜማው ልቡ ላይ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ፣ የበር መንኳኳት ጠበቀ። ማንም አላንኳኳም። ስላላንኳኳም እዚያች ኖታ ላይ ከተጻፈው በላይ ቆየ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ደህናውን ጆሮ ወደ እሱ ሰጥተው ነበር፤ እጃቸው ከዘራው ላይ ቀስ እያለ ይወርድና ይወጣ ነበር፣ የራሳቸውን ደጋን እንደያዙ።

ሲጨርስ ወደ እሳቸው ሄደ። ፊቱን ሳብ አድርገው፣ «ቀለበት ጣትህ ዛሬም ሰነፍ ነው» አሉት። ቀጥለውም፣ «ይዤው እሄዳለሁ» አሉ። ጣቱን ይሁን ዜማውን አላብራሩም፤ ዓይናቸው ግን አብራርቷል። እሱ ደረጃውን ሲወርድ ሰው የሚያክል ሸክም ጀርባው ላይ መኖሩን ረስቶት ነበር።

ቤት ሲደርስ ብርሃኑ ገና ነበር። ቼሎውን ጠመኔው ላይ አቆመ፤ እግሩ ክቡ ውስጥ ጠቅ ብሎ ገባ። ደጋኑን አጋደመ። ራቅ ብሎ እንደ ሚስቱ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ሁሉም ልክ ነው፤ ሎሚዎቹ፣ ጆጉ፣ ኮቱ። ከዚያ ቀና ብሎ የቼሎውን አናት አየ። አራቱ መቃኛዎች ተቃኝተው፣ ጎን ለጎን፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን እያዩ ሰልፍ ገብተዋል።

«ያኛው ወደ መስኮቱ ያይ ነበር» አሉ አማቱ ከኋላው።

«አልነበረም እማማ፤ መስኮቱን የሚያየው ታችኛው ነው።»

«ታችኛው ጣሪያውን ነው የሚያየው። እኔ እዚህ ነው የምውለው።»

«ዓይኔ ደክሟል አላሉም?»

«ሲያስፈልግ» አሉ።

እውነቱ ያለው ሸራው ላይ ነው፤ ሸራው ደግሞ አንሶላ ለብሶ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። አንሶላውን አንድ ጊዜ ገለጥ ማድረግ፣ መቃኛዎቹ እንዴት እንደተሳሉ ማየት፣ እንደዚያው ማዞር፤ ከዚያ ማንም ምንም አያውቅም። አማቱ ሳይጠየቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጁን ወደ አንሶላው ሰደደ፣ ጨርቁን ያዘ፣ ለቀቀው። አንድን ሽንኩርት በሌላ ሽንኩርት መሸፈን ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። እሺ፣ ሸራው ይቅር፤ ክሮቹን እንዳገኘ ላላ ያድርጋቸው፣ ቢያንስ ሰልፉ ይፍረስ። አንዱን መቃኛ በጣቱ ያዘ። ክሩ፣ መቃኛው ገና ሳይዞር፣ ውስጥ ውስጡን ሲነዝር ተሰማው። መምህሩ በቅንድባቸው የቃኙት ክር ነው። እጁ እምቢ አለው። «ይሁን» አለ ለማንም ሳይሆን። አማቱ ዞረው አዩት፤ መቃኛዎቹንም አዩ፤ ኩሽና ገብተው ከወትሮው የበዛ ድስት ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

ሚስቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች፤ ደረጃው ላይ ታወልቀዋለች። «ሁሉም ልጆች ፀሐይዋን ጥግ ላይ ነው የሳሏት» አለች፤ «ሁሉም። አንዱ ልጅ ብቻ ፀሐይዋን ረሳት፤ እሱን አንደኛ አደረግኩት። እናቱ ልትደበድበኝ ነበር።» የለበሰውን ኮት አየች። የመጨረሻዋ ብርሃን እየሄደች ስለነበር ኮቱን ለኋላ አቆይታ መሳያው ገባች። ኩሽናው ውስጥ የድስቱ ድምፅ ቆመ። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

«ና እስቲ» አለች።

ገባ።

«መቃኛዎቹ ሰልፍ ገብተዋል።»

«አዎ።»

«ማነው ያሰለፋቸው?»

«እኔ ነኝ። ተጫወትኩበት። የመምህር መሸኛ ነበር ዛሬ።»

«ዛሬ ነበር እንዴ?» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «ነግረኸኝ ነበር?»

«ነግሬሽ ነበር። እሺ አልሽኝ።»

«ምን ስሠራ?»

«ነጭ ቀለም ስታሺ።»

«ነጭ ሳሽማ ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብትለኝም እሺ ነው የምልህ፤ ይህን አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያን ጊዜ የነገርኩሽ መሰለኝ።»

አየችው። ከዚያ በዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ ሄዳ አንሶላውን ከሸራው ላይ ገፈፈችው። ኮቱ ሊለበስ ደርሷል። ሎሚዎቹ ይሸታሉ። ጆጉ ላይ ያለችው ሽርፍ ከንፈር ትቆርጣለች። መሀሉ ላይ ግን፣ ቼሎው መቆም ባለበት ቦታ፣ ተፍቆ ተስሎ፣ ተስሎ ተፍቆ የጠቆረ አንድ ቡናማ ነገር ነበር።

«ምን ይመስልሃል?» አለችው።

እውነቱን መናገር ፈራ።

«በለው፣ በለው። ዱባ ይመስላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዱባ ስስል ነው የከረምኩት። ሸራው በመፋቅ ብዛት ሊቀደድ ነው። ምን እንደጎደለው አጥቼ፣ መስኮቱን ስወነጅል፣ ሎሚዎቹን ስወነጅል...» ወደ ቼሎው ተጠግታ ጣቷን ሳትነካው ክሮቹ አጠገብ አወረደች። «እነዚህ ናቸው። ተወጥረው አየሃቸው? አንገቱን ቀና አደረጉት። ያኔ አላልቼው... አስተኝቼው ነው ቁም የምለው። አንተ ይህን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሽንኩርቱን አስቤ።»

ሳቋ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ሁለመናዋ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ኩሽናው ውስጥም አንድ ማንኪያ ወደቀ። ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ «እንዲሁ ይቆያል? ሳይላላ?»

«አይቆይም። ክር ነው፣ በየቀኑ ይረግባል። በየጠዋቱ መቃኘት አለበት።»

«ቃኘው ታዲያ።»

«ተቃኝቶ ደግሞ መቃኘቱ የሚታወቀው ሲጫወቱበት ነው።»

«ምን ያህል?»

«ሁለት ሰዓት» አለ ዓይኑን ሳያሽ።

ሰዓሊ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። በአንድ ዓይኗ ለካችው። «አንድ ሰዓት። እዚሁ፣ ብርሃኑ እስኪደርስልኝ። መታጠቢያ ቤት ወስደህ እንዳታረጥብብኝ። ስትጨርስ ወደ ጠመኔው።»

«ወደ ጠመኔው» አለ። መወልወያው ከነገ ጀምሮ ወደ ቀድሞ ሥራው መመለሱ ነው።

ውጭ ብርሃኑ ቀልቶ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ጊዜ ብሩሽ ይዛ ትሮጥ ነበር። አልሮጠችም። «መምህርህ ዛሬ የሰሙትን እኔ አልሰማሁትም» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር። «ከሰማሁህ ስንት ጊዜዬ ነው? አይሃለሁ እንጂ።» ከዚያ በጣቷ ወንበሩን አሳየችው። «ኮቱን ሳትነካ። ጫፉ ላይ።»

ጫፉ ላይ፣ ጀርባውን ከኮቱ አርቆ፣ ሎሚዎቹን በእግሮቹ መሀል አሳልፎ ተቀመጠ። የሟቹ ኮት እጅጌ ክንዱ ላይ እንደቀረ ነው። ዳቦ ቤት ያለችው ሴትዮ ትዝ አለችው፤ አልዋሸችም፣ ሥራው መቀመጥ ነው። ደጋኑን አነሣ። ሚስቱ ወለሉ ላይ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ሁለቱንም ዓይኗን ጨፈነች፤ እንዲህ ስታደርግ አይቷት አያውቅም። ቀኝ እጁ አሁን አላፈረም። ቀለበት ጣቱ እንኳ ሰው ለመሆን ሞከረ። ዜማው እየሰፋ፣ እየወፈረ ሄደና ልቡ ላይ ሲደርስ፣ ልክ ልቡ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ።

አማቱ ነበሩ። ከኩሽና የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጥተዋል። መስኮቱ ሥር አስቀምጠውት፣ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ቀጥል» አሉት። «ጉባኤው ምን ወሰነ ብዬ ነው።»